የሚቆራረጥ የቤት ገመድ አልባ መረብ ጉድለት አፈላለግ

አንድ ዕቃ ጨርሶ ሲበላሽ የጉድለቱን መነሻ ማግኘት ብዙውን ጊዜ ከባድ አይደለም። የተቃጠለ አምፑል አይበራም፤ ሌላ ሲገባበት ይበራል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የሚያስቸግረው ጠዋት ሠርቶ ማታ የሚያቆም፣ ሳሎን ውስጥ ደኅና ሆኖ ጓዳ ሲገቡ የሚጠፋ፣ ባለሙያ ሲጠራ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሁሉ ሲሠራ የሚገኝ ዕቃ ነው። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች ውስጥ የሚገኘውና በተለምዶ ዋይፋይ እየተባለ የሚጠራው ገመድ አልባ የኢንተርኔት መረብ የዚህ ዓይነት ጠባይ አለው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሥራ ዓረብ አገር የሄደች ልጇን መልክ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ የምታይ እናት፣ የልጅቱ ፊት በንግግር መካከል ደርቆ ሲቀርባት፣ ልጇ ደኅና ትሁን ትታመም በወጉ ሳታውቅ ሌላ ሳምንት ትጠብቃለች። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም የጽሑፉን ግማሽ አንብቦ ግማሹ አልመጣ ሲለው ሌሊቱን በከንቱ ያሳልፋል። ቤተሰቡ ‹‹የገዛነው ፍጥነት ትንሽ ስለሆነ ነው›› ብሎ ወርኃዊውን ክፍያ ከፍ ያደርጋል፤ በሚቀጥለውም ወር መቆራረጡ እንደነበረ ይቀጥላል። እንዲህ የሚሆነው ገንዘብ የተከፈለበት ነገርና የተበላሸው ነገር የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ስለሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ‹‹ምን እንግዛ?›› የሚለው ሳይሆን ‹‹ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?›› የሚለው ነው።

መልእክት ከእጃችሁ ካለው ስልክ ተነሥቶ ከሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ ድረስ ሦስት መንገዶችን ያልፋል። የመጀመሪያው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው አየር ነው፤ ራውተር የምንለው አንቴና ያላትን ወይም አንቴናዋ በውስጧ የተደበቀውን፣ በፊቷ ላይ ትንንሽ መብራቶች የሚታዩባትን ሣጥን ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚዘረጋው መስመር ሲሆን፣ እርሱም የመዳብ የስልክ ሽቦ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ፋይበር ወይም ከተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ የሚመጣ ሞገድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከድርጅቱ ወዲያ ያለውና አገር አቋርጦ የሚሄደው ረጅም ጉዞ ነው። ዋይፋይ የሚለው ስም በትክክል የሚያገለግለው ለመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። ሰዎች ግን ሦስቱንም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ፣ ‹‹ዋይፋዩ ጠፋ›› ሲባል ከሦስቱ የትኛው እንደጠፋ አይታወቅም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ለመጀመሪያው መንገድ ብቻ እንጠቀምበታለን፤ ፍለጋውን ከሚገመተው በላይ ያቀልላችኋልና።

የትኛው መንገድ እንደታመመ ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ስሙም ፒንግ ይባላል። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት ወደ ውኃ ውስጥ ከሚላከው ድምፅ ነው። በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል፤ በስልክም ላይ ይህንኑ የሚሠሩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ። አሠራሩ አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ‹‹አቤት!›› እስኪል ድረስ ያለውን ጊዜ እንደ መቁጠር ነው። ጊዜው የሚለካው በሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ሺሕኛ ክፍል ነው። ጥሪው ምላሽ ካላገኘ ፕሮግራሙ ‹‹ጠፋ›› ብሎ ይመዘግባል።

እንግዲህ ሁለት ጥሪዎችን አድርጉ። በመጀመሪያ ራውተሩን ጥሩት። አድራሻው ብዙውን ጊዜ ከሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ላይ 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለ አንድ የታወቀ አድራሻ ጥሩ፤ ለምሳሌ ያህል ጉግል ለሕዝብ አገልግሎት የከፈተው 8.8.8.8 ለዚህ ያገለግላል። ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃዎች ሳታቋርጡ አስጠሩና ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ራውተሩ ቅርባችሁ ስለሆነ ከ10 ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ‹‹አቤት›› ማለት ይኖርበታል። ራውተሩ ዘወትር ቶሎ እየመለሰ የውጭው አድራሻ ብቻ ዝም የሚል ከሆነ፣ አየሩ ደኅና ነው፤ ሕመሙ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ራውተሩ ራሱ አንዴ በ3፣ አንዴ በ400 ሚሊ ሴኮንድ እየመለሰ በመካከሉም አልፎ አልፎ የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ ድርጅቱን ከመውቀስ በፊት የገዛ ቤታችሁን መመርመር አለባችሁ። ሁለቱም ደኅና መልሰው ገጾች አልከፈት ካሉ ደግሞ፣ የጣቢያዎችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ሳይታወክ አልቀረም፤ ይህ ቁጥሮች የተጻፉበት የስልክ ማውጫ እንደ መጥፋት ስለሆነ፣ በራውተሩ ውስጥ ሌላ ማውጫ በመምረጥ ይስተካከላል።

በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት የዋይፋይ ጭረቶች በዚህ ፈንታ አያገለግሉም ወይ? እምብዛም። ጭረቶቹ የሚናገሩት የራውተሩ ድምፅ ስልኩ ዘንድ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው መንገድ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ድርጅቱ ዘንድ የሚደርሰው መስመር ተቆርጦ ሳለ ጭረቶቹ ሙሉ ሆነው የሚታዩትም ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ስልክ ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ከራውተሩ ባነሰ ኃይል ስለሚናገር፣ ስልኩ ራውተሩን እየሰማ ራውተሩ ግን ስልኩን ሊሰማ የማይችልበት ርቀት አለ። በወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ የአንደኛው ድምፅ ጎራና ሲሆን የሌላው ቀጭን ነው።

ፒንግ ጥፋቱን ወደ አየሩ ካመለከተ፣ ስለ ሞገዱ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የዚህን ዓይነት ሞገድ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሲያመነጭ፣ ሞገዱ እንደ ብርሃን ሁሉ ነጥሮ እንደሚመለስ ያሳየው በአንድ ትልቅ የዚንክ ሉህ አማካይነት ነበር። የእኛም የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት መሆኑን ልብ በሉ። ኸርዝ ሞገዱን የመለሰበት ሉህ በየጣራችን፣ በየአጥራችንና በየበራችን ላይ ተዘርግቶ ይገኛል ማለት ነው።

የቤት ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት የድግግሞሽ ክልሎች ይናገራሉ፤ አንደኛው 2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋ ኸርዝ ነው። የፊተኛው የሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የኋለኛው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የ5 ጊጋ ኸርዙ ብዙ ጭነት በፍጥነት ይሸከማል፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። የ2.4ቱ ዘገምተኛ ቢሆንም ግድግዳ ማለፍ ይችልበታል። አንዳንድ ስልክ በሁለቱ መካከል እየዋለለ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል መቆራረጥ ይፈጥራል፤ ስለዚህ በምርመራው ወቅት ለሁለቱ ክልሎች የተለያየ ስም ሰጥታችሁ በየተራ ሞክሯቸው።

ምንም ባልጋረደው ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ግድግዳ ሲጨመርበት መድከሙ ይብሳል። ቀጭን የጣውላ ክፍልፋይ ብዙም አይጎዳውም። የብሎኬት ግንብ ጥሩ ድርሻውን ይወስዳል። ፌሮ የታሠረበት የአርማታ ግድግዳና ሶሌታ ከዚያ የባሰ ነው። ውኃ ሞገዱን ይመጠዋል፤ የሞላ ሮቶ በመንገዱ ላይ ካለ ከኋላው ጥላ ያጠላል፤ የሰው አካልም ብዙው ውኃ ስለሆነ እንግዳ በሞላበት ሳሎን ውስጥ ሞገዱ ይደክማል። ብረት ግን አያሳልፍም፤ ይመልሳል።

ይህንን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። አንድ የግቢ ቤት አለ እንበል። ከፊት ለፊት ሳሎንና መኝታ ቤቶች ያሉበት ዋናው ቤት፣ ከግቢው ጀርባ ደግሞ ሰርቪስ ቤቶች አሉ። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል፤ እንዳይቆሽሽም የዳንቴል ልብስ ለብሷል። የቤቱ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የምታጠናው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ‹‹ቀን ቀን ይሠራል፤ ማታ ማታ ይጠፋል›› ትላለች። አባቷ ‹‹ማታ ሰው ስለሚበዛ መስመሩ ይጨናነቃል›› ይላሉ። ግምቱ የማይሆን አይደለም፤ ግን ግምት ነው።

ልጅቱ ደብተር ታወጣለች። በየግማሽ ሰዓቱ ሰዓቱን፣ ያለችበትን ቦታ፣ የራውተሩን ምላሽና የውጭውን ምላሽ ትመዘግባለች። የሞገዱን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያም በስልኳ ላይ ጭናለች። ይህ ቁጥር የሚነበበው ከዜሮ በታች ሆኖ በዴሲቤል ነው፤ ከዜሮ በታች 50 እጅግ ጥሩ፣ 67 ለማናቸውም ሥራ የሚበቃ፣ 80 ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበ ነው። አለካኩ ለየት ያለ ስለሆነ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቁጥሩ በ3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ፣ በ10 ሲወርድ ወደ ዐሥረኛ ይቀንሳል። ስለዚህ በ50 እና በ80 መካከል ያለው ልዩነት ሺሕ እጥፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። ሳሎን ውስጥ ማታም ቢሆን ሁለቱም ጥሪዎች ደኅና ይመለሳሉ፤ እንግዲያው መስመሩ አልተጨናነቀም። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ግን ቀን 72 የነበረው ማታ 84 ይሆናል። ማታና ቀን የሞገዱን ጠባይ አይለውጡትም፤ ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው በሩ ነው። የሰርቪስ ቤቱ በር የላሜራ በር ሲሆን ቀን ለብርሃን ይከፈታል፤ ማታ ብርድ ስለሚገባ ይዘጋል። ልጅቱ በእኩለ ቀን በሩን ዘግታ ብትለካ 84፣ በሌሊት ከፍታ ብትለካ 72 ታገኛለች። የሰዓት ጉዳይ የመሰለው የብረት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ከዚህ በኋላ እርስ በርሱ ይመጣል። በመጀመሪያ ራውተሩ ከቡፌው ይወጣል፤ ሳህንና መስተዋት፣ የቴሌቪዥንም ጀርባ የሞገድ ወዳጆች አይደሉም። ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዳንቴሉም ይነሣለታል፤ ሣጥኑ ሲሠራ ስለሚሞቅ መተንፈስ ያስፈልገዋል። የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚዘረጋው እንስራ እንደሚቀመጥበት ማቶት በዙሪያው እንጂ በአናቱና በሥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ለምድር ቤት አንቴናው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ፎቅ ላይ ማድረስ ለሚፈልግ ግን አንዱን አንቴና ማጋደም ይረዳዋል። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ እንደገና ይለካል። አንድ ነገር ለውጦ አንዴ መለካት፣ ከዚያ ሌላውን መለወጥ ይገባል፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መረቡ ቢድን እንኳ በየትኛው እንደዳነ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ካልበቃ፣ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሞገድ አጉልቶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ይገዛሉ። መሣሪያው መጥፎ አይደለም፤ አቀማመጡ ግን በተደጋጋሚ ይሳሳታል። ሞገዱ ከማይደርስበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል። ያልሰማ መልእክተኛ ምን ብሎ ያደርሳል? መቀመጥ ያለበት ሞገዱ ገና ብርቱ ሆኖ በሚገኝበት፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ በአንድ መስመር እየተቀበለ በዚያው የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በእኔ አስተያየት ለሰርቪስ ቤት የሚሻለው የኔትወርክ ገመድ ነው። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል፤ የላሜራ በርን አይፈራም፤ በጫፉ ላይም ሌላ ትንሽ ራውተር ቢተከል ክፍሉ የራሱ ዋይፋይ ይኖረዋል።

አሁን ከግቢ ቤት ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም እንሂድ። እዚህ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ ቁጥሩም 45 ነው። ሆኖም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ የራውተሩ ምላሽ ይዋዥቃል። ስልኩ በአካባቢው ያሉትን መረቦች ሲዘረዝር ሃያ ሠላሳ ስም ይቆጠራል። የችግሩ ምንጭ ድካም ሳይሆን ጫጫታ ነው።

የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ክልል የማንም ርስት አይደለም። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንና ሌሎች ክልሎችን ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ከፈቀደ በኋላ፣ ሌሎች አገሮችም ተከታትለው ፈቀዱ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነበር፤ ዓመቱ በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረበትም ዓመት ነው። ፈቃድ የማይጠየቅበት ቦታ ቶሎ ይሞላል። ገመድ አልባው ስልክ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ፣ ምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ሳይቀር እዚያው ናቸው። ማይክሮዌቭ የሚሠራው በ2.45 ጊጋ ኸርዝ ሲሆን ኃይሉ በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ይለካል፤ የራውተር ኃይል ደግሞ የአንድ ዋት ዐሥረኛ ያህል ነው። ከማሞቂያው በር ሥር የምታመልጥ ቅንጣት እንኳ ራውተሩን ታደነቁረዋለች። ምግቡ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ ስለሆነ ግን እምብዛም አያሳስብም።

የሚያሳስቡት ጎረቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን ኤብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ የኮምፒዩተር ጣቢያዎችን በራዲዮ ሲያገናኙ የሠሩበት ሕግ እጅግ ቀላል ነበር፤ የሚናገር ይናገር፤ ከሌላ ጋር ከተጋጨና መልስ ካጣ ጥቂት ቆይቶ ይድገመው። ዋይፋይ በዚህ ላይ አንድ ጨዋነት ጨምሯል፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላ የሚናገር ካለ ይጠብቃል። በዕድር ስብሰባ ላይ ተራ ጠብቆ እንደ መናገር ማለት ነው። ዐሥር ሰው ያለበት ስብሰባ በዚህ ደንብ ይካሄዳል። መቶ ሰው ሲሆን ግን ተራው ቶሎ አይደርስም፤ ንግግሩ ዘገምተኛ የሆነ አንድ ሰው ካለበት ደግሞ ሁሉም እርሱን ይጠብቃል። በጣም ርቆ ወይም በጣም አርጅቶ የሚንቀረፈፍ አንድ ስልክ የቤቱን መረብ በሙሉ የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ክልሉ በቻናሎች ተከፋፍሏል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ውስጥ በብዙ አገሮች 13 ቻናሎች ይቆጠራሉ፤ ቁጥራቸው ግን ያታልላል። በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሲናገር 20 ሜጋ ኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። በመሆኑም ጎን ለጎን ያሉት ይደራረባሉ። እርስ በርሳቸው የማይነካኩና ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዳንድ ሰው ‹‹1 ላይ ሰው በዝቷል፤ 6 ላይም በዝቷል፤ እኔ 3 ላይ ልሁን›› ይላል። ይህ ብልኅነት የሚመስል ስሕተት ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች እርስ በርስ ስለሚደማመጡ ተራ ይጠባበቃሉ፤ 3 ላይ የተቀመጠው ግን የ1ንና የ6ን ንግግር የሚሰማው እንደ ጉርምርምታ ነው፤ ቃሉን ስለማይለይ ተራ አይጠብቅም፤ ሁለቱንም ያውካል፤ ራሱም ይታወካል። ስለዚህ ከሦስቱ ባነሰ ሕዝብ የተያዘውን መምረጥ ነው። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ በኮንዶሚኒየም ውስጥ 5 ጊጋ ኸርዝን መጠቀም ነው። ቻናሎቹ ብዙ ናቸው፤ ቀደም ሲል እንደ ድክመት የቆጠርንበት ግድግዳ የማለፍ ስንፈትም እዚህ ጥቅም ይሆናል። የጎረቤት ሞገድ ከጎረቤት ይቀራል፤ የእናንተም ከእናንተ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ራውተሩ በሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ነው። አልፎ አልፎ ግን ራውተሩ ራሱ ሞቶ ይነሣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደገና አንድ በአንድ ይበራሉ፤ አገልግሎቱም አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። በብዙ ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ምጣዱ በሺሕዎች የሚቆጠር ዋት የሚስብ ስለሆነ ሲሰካ የቤቱ አምፑል ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ደኅና አዳፕተር ያለው ራውተር ይህን ይችለዋል፤ ያረጀ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ አዳፕተር ግን ላይችለው ይችላል። በመዝገባችሁ ላይ መጥፋቱ ከጋገራው ቀን ጋር አብሮ የሚውል ከሆነ፣ አዳፕተሩን በሌላ ተመሳሳይ ቮልትና አምፔር ባለው ለውጡ፤ ማከፋፈያው ላላ ብሎ እንደሆነም እዩ። ሁልጊዜ አጥፍቶ ማብራት የለመዱ ሰዎችም አንድ ነገር ቢያስቡ ጥሩ ነው። አጥፍቶ ማብራት ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣል፤ ነገር ግን የሕመሙን ምልክት አብሮ ይደመስሳል። ከማጥፋታችሁ በፊት የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው እንደቀላ ጽፋችሁ ያዙ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ራውተሩ ቶሎ ይመልሳል፤ የውጭው አድራሻ ግን 600 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ከላይ በተነገረው መሠረት ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ትሉ ይሆናል። አትቸኩሉ። በብዙ የቤት መስመር ላይ ወደ ውጭ የሚሄደው መንገድ ወደ ውስጥ ከሚገባው ይልቅ የጠበበ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ የሠርግ ፎቶግራፎችንና ቪዲዮዎችን ወደ ዘመድ እየላከ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ ማንም ሳያዝዘው ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ወደ ሩቅ ማስቀመጫ እየጫነ ከሆነ፣ በጠባቡ በር ላይ ሰልፍ ይፈጠራል፤ የእናንተም ትንሽ ጥሪ ከሰልፉ ኋላ ትቆማለች። እናት ከልጇ ጋር ስትነጋገር ምስሉ የሚደርቀውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሰልፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ በድርጅቱ ላይ ከመፍረድ በፊት የቤቱን ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ከመረቡ አውጥታችሁ፣ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ እንደገና ጥሩ። የይለፍ ቃሉን ለመንደሩ ያደላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለውጡት፤ አለዚያ ስንቱን ከመረቡ እንዳወጣችሁ አታውቁም።

በገመድ ብቻ ተገናኝታችሁ፣ ሌላ ተጠቃሚ ሳይኖር፣ የውጭው ጥሪ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከቤት ወጥቷል። አገልግሎቱ በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ የስልኩን መነጋገሪያ አንሥታችሁ አዳምጡ፤ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ውኃ ገብቶበታል፤ በክረምት ወራት ይህ ይበዛል። ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ትንሽ ማጣሪያም በእያንዳንዱ ስልክ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። በፋይበር ከሆነ በሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት መብራቱ ብርሃኑ እንዳልደረሰ ያመለክታል፤ ገመዱ በበር ሥር ተቆልምሞ ወይም በዕቃ ተጨፍልቆ እንደሆነ ተመልከቱ። በተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ የሚሠራ ሣጥን ከሆነ ደግሞ ለእርሱ የሚሻለው ማማው በሚታይበት መስኮት ዳር መቀመጥ ነው። ይህ ‹‹ከቤቱ መካከል ይቀመጥ›› ከሚለው ምክር ጋር መጋጨቱ እርግጥ ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ ካልተቻለ ሣጥኑ መስኮቱ ዳር ይቅርና በገመድ ሌላ ራውተር ወደ መካከል ይሳብ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ለድርጅቱ ማመልከት ነው፤ እዚህ ላይ በድርሰት ክፍለ ጊዜ የተማራችሁት ይጠቅማችኋል። ‹‹ኢንተርኔታችን አይሠራም፤ እባካችሁ ቶሎ አስተካክሉልን›› የሚል ማመልከቻ ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። ሠራተኛው መጥቶ፣ በዚያች ሰዓት ሲሠራ አግኝቶ ይመለሳል። የሚከተለውን ግን ተመልከቱ፤

‹‹ከኅዳር 3 እስከ ኅዳር 9 ባሉት ሰባት ቀናት አገልግሎቱ 14 ጊዜ ተቋርጧል። ከ14ቱ 11 ጊዜ የተቋረጠው ዝናብ በዘነበ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። በተቋረጠ ቁጥር የመስመሩ መብራት ይጠፋል፤ የኃይሉና የዋይፋዩ መብራቶች ግን እንደበሩ ይቆያሉ። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በገመድ አገናኝተን ስንሞክርም ሁኔታው ያው ነው። አዳፕተሩንና ማጣሪያውን ለውጠናል፤ ለውጥ አልተገኘም። በስልኩ መነጋገሪያ ላይ የመንጫጫት ድምፅ ይሰማል።››

እዚህ ውስጥ አንድም የቁጣ ቃል የለም፤ አንድም ‹‹በጣም›› አልተጻፈም። ይህን ያነበበ ሠራተኛ ግን ገና ከቢሮው ሳይነሣ፣ መሰላሉን ይዞ ከምሰሶው ላይ ወዳለው መጋጠሚያ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።